በግራ ደረቱ ያደረገው ሜዳሊያ

አንባቢ ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

በጦርነት የሞቱት የሚታሰቡበት የኅዳር እሁድ ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል... እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ ባለችው መንደራችን፣ ዘምተው የቀሩት የመንደሩ ልጆች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ፊት።

ባለቤቴ ዴንዚል የጦር ሜዳሊያ ይሰበስብ ነበር። ራሱ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ ዕድሜውን የፈጀው በቧንቧ ሥራ ነው። ግን ከየገበያው ሜዳሊያ ይገዛል፣ ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ስም ያነባል፣ ከዚያ የወታደሩን ታሪክ እስኪያገኝ እንቅልፍ የለውም።

«ስንቱን ሬሳ ቤቴ ታስገባብኛለህ?» እለዋለሁ።

«ምን ቸገረሽ? እነሱ እንዳንቺ አይነጫነጩ!»

ከዚያ እሁድ ጥቂት ወራት በፊት የቶማስ ኪቶን ሜዳሊያ አመጣ። የመንደራችን ልጅ ነው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የቀረ። «ከስሙ በቀር ምንም አላገኘሁለትም» እያለ ሲብሰለሰል ከረመ።

ከዚያ ዴንዚል መርሳት ጀመረ።

መጀመሪያ ቁልፉን... ቀጥሎ የልጆቻችንን ስም...

ሐኪሙ «እርጅና ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። ግን እርጅና ቀኙን የለመደ ሰው በግራ እጁ ያስበላዋል?

ሳፍሮን የሚባል ቢጫ ቅመም የገባበት ዳቦ ጋግሬ ስሰጠው ግማሹን ኪሱ ከተተ።

«ለማን ነው?»

«ለጓደኞቼ» አለኝ ሹክ ብሎ። «ማታ ምንም አልደረሳቸውም።»



ያን እሁድ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል የኪቶ ሜዳሊያ በግራ ደረቱ ላይ ነበር።

እኛ ጋ የሌላ ሰው ሜዳሊያ በቀኝ ነው የሚደረገው። ግራው ለዘመተው ሰው ለራሱ ብቻ ነው። ይህን ለመንደሩ ሁሉ ሲያስተምር፣ የተሳሳተውን ሲቆጣ የኖረው ራሱ ዴንዚል ነው!

«አታሳፍረኝ፣ ወደ ቀኝ አዙረው» ብዬ እጄን ሰደድኩ።

እጄን ቀስ አድርጎ ከደረቱ ላይ አነሳው።

«የራሴ ነው፣ እትዬ። እርስዎ... ማንን ፈልገው ነው?»

እርስዎ!

ሃምሳ ዓመት አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው።

ምን ላድርግ? እንዳይበርደው ሻርፑን አጥብቄ፣ ክንዱን ይዤ ወጣሁ። አንድ ጸሎት ብቻ ነበረኝ... አንዴ፣ አንዴ ብቻ በስሜ «ሞርዌና» ብሎ እንዲጠራኝ።

ካፊያው አላባራም። የሟቾቹ ስም መነበብ ጀመረ። በየዓመቱ ይነበባል፣ ማንም አይመልስም። ማን ይመልሳል?

«ቶማስ ኪቶ።»

«አቤት!»

ዴንዚል ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል... ያ የጎበጠ ወገብ!

«ሽማግሌው ጠጥቶ ነው እንዴ የመጣው?» አለ ጎረቤታችን ሃርቪ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዓይኔን ሳፈጥበት አቀረቀረ።

ክንዱን ጨበጥኩት። ጆሮው ሥር ሆኜ...

«ዴንዚል...»

ዓይኑን ከድንጋዩ አልነቀለም።

«ዴንዚል፣ እባክህ... እኔ ነኝ...»

ዞሮ አየኝ። የማላውቀው ልጅ ዓይን ነው። እንግዳ ሴት አጠገቡ ስታለቅስ ግራ የገባው፣ ጨዋ ልጅ።

ያኔ ነው መልሱ የመጣው።

«አቤት፣ ሞርዌና...»

ከጎኔ አይደለም። ከድንጋዩ ጀርባ ነው።

የዴንዚል ድምፅ... ስንጋባ የነበረው፣ ያ የጎረምሳ ድምፁ።

«ጨለመብኝ፣ አንቺ። የት ነሽ?»

የያዝኩትን ክንድ ለቅቄ ሮጥኩ።

ከድንጋዩ ጀርባ ማንም የለም። ሣሩ ላይ ካፊያው ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ግን... አንድ ሰው በሚቆምበት ስፋት ልክ... አይወርድም።

እጄን አስገባሁ።

ይሞቃል።