የሒሳብ መምህሩ ባሌስትራ

«እኔ ስሠራ አትለካ!»

«የአባቴ መኪና ናት። ማየት መብቴ ነው።»

«እይ። አፍህን ግን ዝጋ።»

ሰባቱ የባሌስትራ ቅጠሎች ወለሉ ላይ በየቁመታቸው ተደርድረዋል። የመኪናዋን ጀርባ ለዘመናት ሲሸከሙ ረግበዋል። የሒሳብ መምህሩ ማስመሪያውን አልጣለም። ባለሙያዋም ፊቷን አልፈታችም። ሙያው ከአባቷ የወረሰችው፣ ጋራዡ ግን የአጎቷ ነው። አጎቷ ደግሞ «አንድ ደንበኛ ካማረረብሽ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ» ብሏታል።

ዝገቱን ፋቀች፤ ብረቱን አግላ ጉብጠቱን መለሰችለት። በሦስተኛው ቀን መምህሩ የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት አገኘ። ልክ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳታናግረው እንደገና ሠራችው።

በዘጠነኛው ቀን ገጠመችው። መኪናዋ ክሪክ ላይ እንዳለች ቡሎኖቹን በእጇ ብቻ አሰረችና ምሳዋን ልትበላ ሄደች። ስትመለስ መኪናዋ የለችም። አጎቷ መምህሩ ጽፎ የተወውን ወረቀት ይዞ ቆሟል፦ «ቡሎን ማጥበቅ ረስተሻል። እኔው አጥብቄ ወስጃታለሁ።»

«ቅሬታው በጽሑፍ መጣልሽ» አላት አጎቷ። «ቅዳሜ ቁልፉን!»

ብታስረዳው ማን ሊሰማት!

ዓርብ መምህሩ መኪናዋን ሲጥ ሲጥ እያሰኛት መጣ። «ሥራሽ ይኼ ነው?»

መኪናዋ ሥር ገብታ የተቀደደ የባሌስትራ ላስቲክ ይዛ ወጣች።

«መኪና በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ ቡሎን አታጠብቅም፤ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀደዳል። አልረሳሁም፤ መጀመሪያ ላወርዳት ነበር። ያቺ ወረቀትህ ነገ ከዚህ ታስወጣኛለች። ደስ ይበልህ!»

መምህሩ ላስቲኩን አገላብጦ አየው። ጆሮው ቀላ። ወደ አጎቷ ቢሮ ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም።

«ጋሼ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አልረሳችም።»

«በጽሑፍ ከሰህ በአፍህ ልትመልስ?»

«ወረቀት ይስጡኝ።»

ጻፈ፤ ፈረመ። አጎቷ ሁለት ጊዜ አንብቦ ኪሱ ከተተው። «ቁልፉ እሷ ጋ ይቆይ» አለ እያጉረመረመ።

መምህሩ ሲወጣ ባለሙያዋ አልሳቀችለትም።

«ተኛ።»

«ምን?»

«መኪናዋ ሥር። ያበላሸኸውን አብረን እናስተካክላለን።»

አዲሱን ላስቲክ አስገቡ፤ መኪናዋን በጎማዋ አቆሟት፤ ተመልሰው ሥሯ ጎን ለጎን ተጋደሙ። መፍቻውን ሰጠችው።

«ለምን አላስቻለህም? ምሳ በልቼ እስክመጣ?»

«ተናድጄብሽ ነበር።»

«ምን አድርጌህ?»

መፍቻውን በእጁ አገላበጠው። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዴ ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

ግራሶ በነካ እጇ ክርኑን ይዛ መፍቻው ላይ አስተካከለችለት፤ ከዚያ ግን እጇን አላነሳችም።

«አይቼሃለሁ፣ አንተ ደረቅ» አለችው።

ቡሎኑ ጠበቀ። አጎቷ ከውጭ ሁለት ጊዜ ተጣራ፤ ከመኪናዋ ሥር ግን ማንም አልወጣም።