ሁለት ፍቺ ያለው ቃል

ኦቦ ሰቦቃ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ቤታቸው ራሳቸውን በብረት መፍቻ ተመትተው ሞተው ተገኙ። የመቶ አለቃ አምባው ከሟች ጭብጥ ውስጥ ወረቀት ፈልቅቆ አወጣ። የላይኛው ክፍሉ ተቀዶ ሄዷል፤ በቀረው ቁራጭ ላይ በተረጋጋ እጅ በኦሮምኛ «ባልባላ ቶኮ» ተብሎ ተጽፏል።

መፍቻው የተከራዩ የተክሌ ነው። ወደ ሟች ክፍል የሚገባውም በእሱ ክፍል በኩል ብቻ ነው።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሐዲድ ጥገና ላይ፣ ጌታዬ።»

«ማን አየህ?»

«ብቻዬን ነበርኩ። በሬንም ቆልፌ አላውቅም።»

ቀጥሎ ሮሪሳ ተጠራ። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ የሟችን ልጅ ዳሲቱን ሊያገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

«ወረቀት ተገኝቷል» አለው አምባው፣ ወረቀቱን ከኪሱ ሳያወጣ። «ባልባላ ቶኮ ይላል። በአማርኛ ምንድን ነው?»

«አንድ በር። ከስሞቹ ሥር የጻፉት ገዳያቸውን ለመጠቆም ይሆናል። መግቢያው አንድ ነው፤ እሱም የተክሌ።»

«አንተስ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሳሪስ፣ ቤቴ።»

አምባው ያንኑ ቃል ዳሲቱን ጠየቃት።

«በር ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የዘር ሐረግም ነው። ከአንድ አያት ቤት፣ ከአንድ በር የወጡ ልጆች አንድ ባልባላ ይባላሉ። እነሱ ስንት ትውልድ ቢያልፍም አይጋቡም። አባቴም ከሠርጉ በፊት የሮሪሳን ዘር ላስቆጥር ይሉ ነበር።»

አመሻሹ ላይ አምባው ሦስቱንም በሟች ቤት ሰበሰባቸው።

«ራሱን የተመታ ሰው እንዲህ አስተካክሎ አይጽፍም። ስለዚህ ጽሑፉ ከግድያው በፊት የተጻፈ ነው፤ ገዳይን አይጠቁምም። የሚናገረው ስለ ዘር ነው። ሮሪሳ፣ አንተ ቃሉን አሳምረህ ታውቀዋለህ፤ ግን ግማሹን ብቻ ነገርከኝ። ለምን?»

«ሌላው ፍቺ ትዝ አላለኝም።»

«ከስሞቹ ሥር የጻፉት አልከኝ። በእጄ ያለው ቁራጭ አንድም ስም የለበትም። ስሞቹ የነበሩት ተቀዶ በሄደው ላይ ነው። ያንን ከቀደደው ሰው በቀር ማን ያውቃል?»

ተክሌ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ሮሪሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ስምንተኛው አያት ላይ ነው የተገናኘነው! ማን ያስታውሰዋል? ዝም ይበሉልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ እምቢ አሉኝ...»

ዳሲቱ ወደ እሱ ዞረች።

«ብትነግረኝ አልቅሼ እተውህ ነበር» አለችው። «ወንድም ትሆነኝ ነበር፤ አባቴም ይኖሩልኝ ነበር።»