አንድ አፈሙዝ ለሁለት

ላይመን ተክ ከባንኮኒው ላይ ሁለት ጥይት አንስቶ በሁለት መዳፉ ያዘ። የቀኙ አፈሙዙ ሰፊ የሆነው የባለ ሃምሳ ጠመንጃ ነው፤ ወፍራምና ከባድ። የግራው የባለ አርባ ነው፤ ቀጭንና ረጅም።

«ባልደረባህ የያዘው የትኛውን ነው?» አለ ሽማግሌው ጠመንጃ ሠሪ ኦትማር።

«ሃምሳ።»

«ታዲያ ምን ታማርጣለህ? ሁለት አዳኝ፣ አንድ አፈሙዝ። ይኼን ላንተ ልንገርህ?»

ደንቡን ላይመን ያውቀዋል። በቴክሳስ ሜዳ ጎሽ የሚያድኑ ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ጠመንጃ ይይዛሉ፤ የአንዱ ጥይት ሲያልቅ ከሌላው ዝናር ይወስዳል። ነገር ግን በቅሏቸው ባሩዱንና ጥይቱን እንደ ተሸከመች ገደል ገባች። የላይመን ጠመንጃ አብሯት ተሰባበረ። ሊይዛት የሞከረው ባልደረባው ኤብን ሮስኮም እግሩ ተሰበረ። ላይመን አሥራ አንድ ጥይትና የስምንት ቀን ምግብ ትቶለት አራት ቀን በእግሩ ተጉዞ እዚህ ደረሰ። በንግድ ጣቢያው አብሮት የሚሄድ ሰውም ሆነ የሚሸጥ ፈረስ አልነበረም።

«በእግሬ ነኝ» አለ። «ይኼን ሁሉ ብረት ተሸክሜ በአራት ቀን አልደርስም።»

«አርባው ሩቅ ይመታል፤ አልዋሽህም። ጉሮሮው ግን ጠባብ ነው፤ የባሩዱ ጥቀርሻ ቶሎ ያንቀዋል። በተኮስክ ቁጥር በአፍህ እፍ በልበት፤ ትንፋሽህ ያለሰልሰዋል። አፍህ ከደረቀ እሱም ደረቀ። ደግሞ ለጓደኛህ ሃያ ጥይት እንኳ ያዝለት።»

«እኔ ከደረስኩ ጥይት ምን ያደርግለታል?»

ሽማግሌው የአርባውን ጥይት ቆጥሮ ሰጠው። ላይመን ባለ አርባውን አንግቶ ወጣ። ሰው ሲለይ መሰናበት ልማዱ አልነበረም።

የመጀመሪያው ቀን ነፋስ ነበር። በሁለተኛው ቀን ነፋሱ አቧራ ይዞ መጣ፤ ላይመን በሆዱ ተኝቶ ኮቱን ራሱ ላይ ጣለ። ሲነሳ ዱካው የለም፤ መንገዱም የለም። ፀሐይዋን በግራ ጉንጩ እየለካ ሄደ። ዙሪያውን ያለው ሣር ብቻ ነው። የጎሽ አጥንት አልፎ አልፎ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ተኩላዎች ተከተሉት። አምስት ነበሩ። ሲቆም ይቀመጣሉ፤ ሲሄድ ይነሳሉ። አመሻሹ ላይ ከመካከላቸው ግራጫዋ ተወርውራ የውሃ አቁማዳውን በጥርሷ ዘነጠለችው። ተኩሶ ደረቷን መታት። ሌሎቹን ለማባረር አራት ጊዜ ተኮሰ። አቁማዳውን ሲያነሳ ውሃውን መሬት ጠጥቶታል። አፈሙዙን ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ አለ፤ የወጣው ትንፋሽ እንደ ምድጃ ደረቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ከኮረብታው ጫፍ ደረሰ። ታች፣ ከምንጩ አጠገብ፣ እሱና ኤብን በመሬት ውስጥ የቆፈሩት ጎጆ አለ። በሩ ተዘግቷል። ከተከመረው የጎሽ ቆዳ ጀርባ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

«አንተ አንካሳ!» ይላል አንዱ ወደ በሩ። «ከትናንት ወዲህ አልተኮስክም። አለቀብህ አይደል? ቆዳውን እንጫን፣ አንተም በሰላም ሙት!»

ላይመን ተንበርክኮ ተኮሰ። የአንዱ ቆብ በረረ። ሰዎቹ ከክምሩ ወዲያ ዞሩና ጀርባቸውን ለጎጆው፣ ፊታቸውን ለእሱ ሰጡ። ሁለት ጊዜ ደገመ። አራተኛው ጥይት ግማሹ ገብቶ ቆመ። በአውራ ጣቱ ገፋ፤ በመዳፉ መታ፤ ጥቀርሻው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ምራቅ ፈለገ፤ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቋል።

«ያኛውም አለቀበት!» ብሎ ሳቀ ቆቡ የበረረበት። ተነስተው ዳገቱን ጀመሩት።

ያኔ የጎጆው በር ተከፈተ። ኤብን በሆዱ እየተሳበ ወጣ፤ ባለ ሃምሳውን በክርኑ ደግፎ ጀርባቸው ላይ ደገነ።

«ጎበዝ፣ ወዴት ነው?»

ሁለቱም ዞሩ። ያ ወፍራም አፈሙዝ እንደ ጉድጓድ አፍጥጦባቸዋል።

«አንዲት ናት የቀረችኝ» አለ ኤብን። «ለማን እንደምትሆን እናንተ ተስማሙ።»

ተያዩ። አልተስማሙም። ጠመንጃቸውን ጥለው ወደ ፈረሶቻቸው ሮጡ።

ላይመን ቁልቁል ወርዶ ምንጩ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ጠጥቶ ሲጨርስ ለኤብን በጣሳ ቀድቶ አመጣለት። የኤብንን ጠመንጃ ከፍቶ አየው። ባዶ ነው።

«የሃምሳ ጥይት አመጣህልኝ?» አለ ኤብን።

«አላመጣሁም።»

«አንዲት እንኳ?»

ላይመን እጆቹን አየ። «ብቻዬን የምሄድ መሰለኝ» አለ።

ኤብን ጣሳውን አስቀመጠ። «ሦስት ክረምት አብረን ኖርን፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚመስልህ። በሩን ከፍቼ ስሳብ ባዶ መሆኑን እግዜርና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው። እንዴት ያለ ፍርሃት እንደ ነበር ልንገርህ?»

«ንገረኝ።»

ኤብን ነገረው። ሲጨርስ ላይመን ከጎኑ ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«በመጀመሪያው ቀን ነፋስ ነበር» አለ።

ድምፁ ሻካራ ነበር፤ ቃላቱም አልቀለሉትም። ግራጫዋ ተኩላ ጋ ሲደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ እሱ ግን ገና አልጨረሰም።