ቅዳሜ ግድግዳ ላይ የቀረ ስዕል

ሃርላን ቶልሰን ቅዳሜ ረፋድ ላይ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ብሩሹ ከእጁ አልወደቀም። አጠገቡ «ልጆቻችንም የኦሃዮ ልጆች ናቸው» የሚል ያላለቀ መፈክር ተዘርግቷል። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበር ሰኞ የግዛቱ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሊናገርልን ነበር።

የእኛ ቻርተር ትምህርት ቤት በራሱ ቦርድ ቢተዳደርም የመንግሥት ነው፤ ከማንም ክፍያ አይጠይቅም፣ ልጅ አይመርጥም። ለሕንፃ የሚሆን ገንዘብ ሲታደል ግን የእንጀራ ልጆች ነን። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን እናስተምራለን፤ አርብ አርብ ደግሞ ወንበሩን አጣጥፈን፣ ግድግዳውን አራቁተን ለባለቤቶቹ እንለቃለን።

መርማሪ ኮርዴሊያ ብሪግስ ስትደርስ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሷል። «ከአሮጌው ማሞቂያ የወጣ ጭስ ነው። ሽታም መልክም የለውም፤ ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው ነው የመሰለው» አላት።

«ለዚህ ጭስ የሚጮህ ደወል አልነበረም?»

ደወል ነበር፤ አሁን ግን የለም። የአዳራሹ ቁልፍ ከሟቹ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ ነበርና ሦስቱን አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የአዳራሹ ባለቤት ፓስተር ላይል ቀረቡ። «ደወሉን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ አርብ ቀትር ላይም በቦታው ነበር» አሉ።

«ሃርላን ሰኞ ማሞቂያዎን በአደባባይ ሊያዋርድ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ ተጣልተናል! ግን እሁድ እዚህ የሚቀመጡት የልጅ ልጆቼ ናቸው። ደወሉን ነቅዬ እነሱን ላፍን? ርእሰ መምህሩን ይጠይቁት፤ ኪራይ በተጠየቀ ቁጥር የሚያለቅሰው እሱ ነው።»

ርእሰ መምህሩ ዴዝመንድ ኦክሌይ ሬሳውን ያገኘው ሰው ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አርብ ሙሉ ቀን ዋና ከተማ፣ ምክር ቤቱ ደጅ ስጠና ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው የተመለስኩት። ያየኝ ሰው ብዙ ነው።»

ሦስተኛዋ ትሪና ዌበር ነበረች። ልጇ ጁኒ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትሄደው። የአርቡን ጽዳት የምትመራው እሷ ናት፤ ሰነፍ ወላጅ በምላሷ ትገርፋለች፤ እኔንም ገርፋኛለች።

«አርብ ከአዳራሹ በመጨረሻ የወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«ሁልጊዜም እኔ ነኝ። ስዕሎቹን አውርጄ ልጆቹን አሸክሜ ወደየቤታቸው እሰዳለሁ። ግድግዳው ላይ አንዲት ወረቀት ከቀረች ፓስተሩ ይጮሃል።»

ብሪግስ አመስግናት አዳራሹን ዞረች። በተራቆተው ግድግዳ ላይ፣ ከማሞቂያው በላይ፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አንድ ስዕል ተለጥፏል። ጠጋ ብላ አየችው፤ ጥጉን ገለጥ አድርጋ ከኋላው ያለውንም አየች። ከዚያ ሦስቱን ሰበሰበቻቸው፤ እኛ የኮሚቴ አባላትም በሩ ላይ ቆመን ሰማን።

«አርብ ሁሉም ነገር ከወረደ ይሄ ስዕል ቅዳሜ እዚህ ምን ይሠራል?» ብላ ላጠችው። ከኋላው የግድግዳው ቀለም በክብ ቅርጽ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ሁለት የብሎን ቀዳዳም አለ። «ደወሉ እዚህ ነበር። የነቀለው ሰው ነጩ ክብ አስፈራው። ታዲያ በዚህ ቤት የግድግዳ ጉድ የሚሸፈነው በምንድን ነው? በልጆች ስዕል! እጁ የለመደውን አደረገ።»

«የማንም ልጅ ስዕል ሊሆን ይችላል» አለ ኦክሌይ።

«ወረቀቱ በፀሐይ ደብዝዟል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ክብ ብቻ ቀለሟ አልለቀቀም። ማቀዝቀዣ ላይ በማግኔት ተይዞ የከረመ ነው፤ የመጣው ከቤት ነው። ደግሞ እዩት። ልጅ ትምህርት ቤት ሲስል በሩ ላይ ደረጃ ያደርጋል። ይቺ ልጅ ግን የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ነው የሳለችው።»

ሁላችንም ወደ ትሪና ዞርን።

«ልጆቹ ከወጡ በኋላ ደወሉ ጮኸ» አለች ትሪና ቀስ ብላ። «ማሞቂያውን አጠፋሁና ደወሉን ነቀልኩት፤ ስዕሎቹ ሁሉ ሄደው ስለነበር የጁኒን ከቤት አምጥቼ ለጠፍኩበት። ብናገር በዚያው ሰዓት አዳራሹን ያሽጉብን ነበር፤ ምክር ቤቱ ፊት ምን ይዘን እንቀርባለን? ከሰኞ በኋላ ልናገር ነበር። በፊት በነበረችበት ትምህርት ቤት ልጄ ምሳዋን ደረጃ ሥር ብቻዋን ነበር የምትበላው!»

«ሃርላን እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

«አርብ ማታ ስልክ ደወለልኝ። ‹ትሪና፣ ማሞቂያውን ባበራው ችግር አለው?› አለኝ።» አፏን በእጇ ያዘች። «‹አብራው› አልኩት።»

«ለምን?»

«‹አታብራ› ብለው ‹ለምን?› ይለኛላ! ነግሬው ቢሆን ደግሞ ሳያድር ያመለክታል። ሃርላን መዋሸት አይችልም ነበር።»

ስታናድደኝ የኖረች ሴት ናት፤ በዚያች ሰዓት ግን ልጠላት ብሞክር አልሆነልኝም። የሚጠላ ነገር ጠፍቶ አይደለም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ታሸገ። ጁኒ በአክስቷ መኪና ውስጥ እናቷን እየጠበቀች ነበር። ብሪግስ በማስረጃ ላስቲክ የገባውን ስዕል ይዛ ስታልፍ ጁኒ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«የኔ ስዕል! እማዬ ጠፋ ብላኝ ነበር። ሰኞ ለምክር ቤቱ ሰዎች ላሳያቸው ነው፤ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደምንፈልግ።»

ብሪግስ ቆመች። «ያምራል» አለቻት።

«እስከ ሰኞ ትመልሽልኛለሽ?»

«ለሰኞ አይደርስም፣ የኔ ልጅ» አለች ብሪግስ።