ይህ ፊቴ ነው

ታዲዮስን ከማየቴ በፊት ያየሁት የሞቱትን ቅድመ አያቱን ነው።

ፎቶው በስልኬ የመጣው አንድ ጭጋጋማ የኅዳር ጠዋት ነበር። አንድ ቀጭን ፈረንጅ ሸራ በለበሰ የአምቡላንስ መኪና አጠገብ ቆሟል። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ራሱን ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ፣ አንድ ነገር ጠይቆኝ መልሴን የሚጠብቅ ይመስል ያየኛል። ስልኩን ዘጋሁት። ቆይቼ እንደገና ከፈትኩት። አሁንም ይጠብቃል።

ፎቶውን የላኩልኝ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ሽፈራው ናቸው። ወዲያው ደወሉ።

«እድላዊት ልጄ፣ ጄኔቭ ያለ አንድ ልጅ ነው። እናቱ ሞታበታለች። ወንድም የለው፣ እህት የለው። ይኼ ሰውዬ የእናቱ አያት ነው ይላል። ከአየርላንድ መጥቶ አዲስ አበባ የኖረ። የድሮ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብለት ሰው አጥቶ ነው። አንቺ የተማርሽው ይኼንኑ አይደል?»

«አዎ፣ ግን...»

«ግን ምን? ሰው አትፍሪ። ልጁ አይናከስም!»

እውነታቸውን ነው፣ ሰው እፈራለሁ። ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሬ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በድሮ ደብዳቤዎች ላይ ነው። አሁን ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ከሰው ይልቅ ወረቀት ይቀለኛል።

ቅዳሜ ዙሪክ ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ፣ ትልቁ ሰዓት ሥር ተቀጣጠርን። ረጅም ነው። የብስኩት ቆርቆሮ አቅፏል። ሊስመኝ ወደ ቀኝ ጎንበስ ሲል እኔም ወደዚያው ዞርኩና ግንባር ለግንባር ተጋጨን።

«ፓርዶን! አፍንጫሽን ሰበርኩት?»

«ግንባሬን ነው።»

«ዳኮር» አለ፣ በፈረንሳይኛ «እሺ» ማለቱ ነው። «ግንባር ይድናል።»

ሳቅኩ። ከማላውቀው ሰው ጋር በቶሎ የምስቅ ሰው አይደለሁም።

ታዲዮስ ጄኔቭ ተወልዶ ያደገ፣ ካሩዥ የሚባል ሰፈር የሚኖር የትራም ሹፌር ነው። ቃል ሲጠፋው ጣቶቹን ያፋትጋል።

«የኔ አማርኛ... እንዴት ይባላል... ትንሽ ነው። ማማን ናት ያስተማረችኝ። ማማን ስትሞት አማርኛውም እዚያው ቆመ።»

«ማንበብስ?»

«ስሜን ብቻ። ያውም ቀስ ብዬ።»

ቆርቆሮው ውስጥ ሁለት ፎቶና ጥቂት ወረቀቶች ነበሩ። በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ አንዴ እሱ ዙሪክ እየመጣ፣ አንዴ እኔ ጄኔቭ እየሄድኩ፣ አንድ በአንድ አነበብኩለት። ሰውየው ዴክላን ይባላል። ኮርክ ከምትባል የአየርላንድ ከተማ ተነስቶ፣ ከጣሊያን ወረራ ስምንት ዓመት በፊት አዲስ አበባ የገባ መካኒክ ነው። ወደ ደሴ ዕቃ ሲያመላልስ ደሴ ላይ ሊሊ የምትባል ሴት ልጅ ወለደ። ሊሊ ሉሉን ወለደች። ሉሉ ታዲዮስን። በ1928 ዓ.ም. ዴክላን አምቡላንስ እየነዳ ወደ ሰሜን ወጣ፤ አልተመለሰም።

«እሱም ሹፌር ነበር» አለኝ ታዲዮስ፣ ፎቶውን እያየ። «ማንም ሳይነግረኝ ሹፌር ሆንኩ። ይገርማል፣ አይደል?»

ይገርማል። ያስፈራልም። ያን ሰው የሆነ ቦታ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ የት እንደሆነ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።

ፊደል አስተማርኩት። የትራሙ መጨረሻ ፌርማታ ላይ፣ በእረፍቱ፣ በጉም በደበዘዘ መስታወት ላይ በጣቱ እየጻፈ ፎቶ ይልክልኛል። አንድ ቀን ስሜን ጻፈ። «ድ»ን ገልብጧታል። አላረምኩትም።

በየካቲት ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር ያለው ቤታችን መጣ። እናቴ ክሎተን አየር ማረፊያ ሥራ ላይ ስለነበረች የተቀበለችው አያቴ፣ እማማ የሻረግ ናት። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ደክሟል፤ ምላሷ ግን አልደከመም።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሉሉ።»

«አባትህስ?»

«አላውቀውም።»

«ሉሉን ማን ወለዳት?»

«ሊሊ። ሊሊን ዴክላን። አይሪሽ ነው።»

እማማ በጣቷ ቆጠረች። «ከአንተ ሦስት ቤት። አራት ይቀርሃል። ሰባት ቤት ሳይሞላ፣ ዝምድና አለመኖሩ ሳይታወቅ፣ የልጅ ልጄን አልሰጥም!»

«ጠይቄአለሁ እንዴ?» አለ ታዲዮስ ደንግጦ።

«አፍህ አልጠየቀም። ዓይንህ ጠይቋል!»

ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሱ ሳቀ፣ እማማም ሳቀች። ግን እንዳልቀለደች አውቃለሁ። እሷ ራሷ በአባቷ በኩል አንድ ቤት እንኳ የላትም። የሻረግ ዘበነ ትባላለች፤ አቶ ዘበነ ግን አሳዳጊዋ ናቸው። የወለዳት ሰው ሳትወለድ ዘመቻ ሄዶ ቀረ። እናቷ ውቢት ስሙን ሳትነግራት ሞተች።

«ስሙስ ይቅር» ትል ነበር እማማ ሁልጊዜ። «ፊቱን አንድ ጊዜ ባየሁ።»

ታዲዮስ አራቱን ቤት ፍለጋ ገባ። ወደ ኮርክ ጻፈ። ጄኔቭ ውስጥ የዚያን ጦርነት ሰነዶች የሚያስቀምጥ አንድ መዝገብ ቤት አግኝቶ በእረፍት ቀኑ ሁሉ እዚያ ዋለ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ ደወለልኝ።

«ነይ! ነገ ነይ! ሰባቱን ሞላሁ!»

ካሩዥ ስደርስ የሰሜኑ ነፋስ ሰው ይጥላል። ትንሽ ሻይ ቤት ገባን። የዴክላንን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት... እያለ ስማቸውን በፊደል ጽፎ ዘረዘረልኝ። ፊደሎቹ የሕፃን ልጅ ይመስላሉ። ከዚያ አንድ ወረቀት አወጣ።

«ይኼ መዝገብ ቤቱ ከዴክላን ዕቃ ጋር ያስቀመጠው ነው፣ ቅጂውን ሰጡኝ። ያው ፎቶ ነው። ጀርባው ላይ ግን በአማርኛ ተጽፏል! ከታች በፈረንሳይኛ ‹ተቀባይዋ አልተገኘችም› ይላል። ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው። አንብቢልኝ።»

ጽሕፈቱ የሠለጠነ ጸሐፊ ሥራ ነው። ዴክላን እየነገረው ጽፎለት ይሆናል። ጥርት ያለ ነበር። በልቤ አነበብኩት።

*ለወይዘሮ ውቢት ተክሌ፣ ጉለሌ። ነገ ወደ ሰሜን እንሄዳለን። በሆድሽ ያለው ልጅ ሴት ከሆነ እንዳልሽው የሻረግ ትባል። ከተመለስኩ ራሴ እመጣለሁ። ካልተመለስኩ ይህ ፊቴ ነው፤ አሳዪያት። ዴክላን።*

የሻይ ቤቱ ድምፅ ሁሉ ከጆሮዬ ጠፋ።

«ምን ይላል?» አለ ታዲዮስ። ፊቱ በርቷል።

በሕይወቴ አንድም ወረቀት አጣምሜ አንብቤ አላውቅም።

«አይነበብም» አልኩ። «ቀለሙ ለቋል።»

«ዳኮር» አለ ወዲያው። «አንቺ ካላነበብሽው ማንም አያነበውም። ወስደሽ ቀስ ብለሽ እይው።»

ማመኑ ነው የገደለኝ።

በባቡሩ ሐይቁ አይታይም፣ ተራራው አይታይም፣ ጭጋግ ብቻ። ወረቀቱን መዝገበ ቃላት ውስጥ ከተትኩት። መዝገበ ቃላቱን መደርደሪያው ላይ አገላብጬ አስቀመጥኩት። ያም ሆኖ ያየኝ ነበር።

ሰውየውን የት እንደማውቀው ያወቅኩት በማግስቱ ነው። እማማ ሻይዋ እስኪበርድ ስትጠብቅ ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር።

«ምነው እንዲህ ታዪኛለሽ?» አለች። «ሙት ያየሽ ትመስያለሽ።»

«ምንም...»

«ልጁ ሰባቱን ቤት ሞላ?»

«ሞላ።»

«ጎሽ! እንግዲህ ሽማግሌ ይላክ!»

ከሁለት ቀን በኋላ አቶ ሽፈራው ደወሉ። ታዲዮስ ሽማግሌ እንዲሆኑት ለምኗቸዋል። የዳግም ትንሣኤ ለት፣ እሑድ፣ ሊመጡ ነው። «ሌላ ሰው የለኝም አለኝ፤ ብቻዬን ሦስት ሽማግሌ እሆንለታለሁ!» ብለው ሳቁ።

የታዲዮስን ስልክ ማንሳት አቆምኩ። ባነሳው ወይ እዋሻለሁ፣ ወይ እናገራለሁ። ዝም ካልኩ ታዲዮስ የእኔ ነው። ማንም አያውቅም። እማማም ትስቃለች፣ ትመርቀናለች፣ ከዚያም አንድ ቀን የአባቷን ፊት ሳታይ ትሞታለች፤ ፊቱ የእኔ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የድምፅ መልእክት ላከ።

«እድላዊት... ቤተሰብ ስለሌለኝ ነው? አማርኛዬ ነው? ንገሪኝ። ዳኮር እላለሁ። ግን ንገሪኝ።»

በማግስቱ ጄኔቭ ሄድኩና እሱ የሚነዳው ትራም ላይ ወጣሁ። ኋላ ተቀመጥኩ። በመስታወቱ አየኝ። በየፌርማታው ሰው ወረደ፤ መጨረሻው ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ። ከሹፌሩ ክፍል ወጣ።

«ስምንት ደቂቃ እረፍት አለኝ» አለ። ሊስመኝ አልሞከረም።

«አይነበብም ብዬህ ነበር። ዋሸሁህ።»

ወረቀቱን ሰጠሁት። ጣቴን ከአንድ ቃል ሥር አደረግኩ።

«ይችን አንብብ።»

ጎንበስ አለ። «የ... ሻ... ረ... ግ።» ትክክል እንዳነበበ ተማሪ ፈገግ አለ። «የሻረግ! እንደ እማማ?»

«እማማ ናት።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። የቀረውን አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

«ሊሊና እማማ...»

«እህትማማች ናቸው። በአባት።»

በቀኝ እጁ ጣቶች ቆጠረ። «እኔ፣ ሉሉ፣ ሊሊ፣ ዴክላን።» በግራው ቆጠረ። «አንቺ፣ እናትሽ፣ እማማ... ዴክላን።» ሁለቱን ጣቶቹን አገናኝቶ አያቸው።

«የስዊዝ ሕግ ይፈቅዳል» አለ በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«አንቺስ?»

«እማማን ሳይ እሱን አያለሁ። አሁን አንተንም ሳይ እሱን ነው የማየው።» ዓይኑን ማየት አቃተኝ። «አልችልም፣ ታዲዮስ።»

«ባትነግሪኝ ማንም አያውቅም ነበር።»

«እማማ ፊቱን ሳታይ ትሞት ነበር።»

ነፋሱ ትራሙን ይገፋል።

«ሠላሳ ዓመት ዘመድ ፈለግኩ» አለ። «አንድ ብቻ። ማንም ይሁን፣ ዝም ብሎ ዘመዴ ይሁን አልኩ። እንዴት... እንዴት አንቺ?»

አለቀሰ። አቀፍኩት። ሁለታችንም የመጨረሻው እንደሆነ ስለምናውቅ ቶሎ አልተላቀቅንም። ከዚያ ሰዎች መስታወቱን አንኳኩ። ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ በሩን ከፈተላቸው፤ ትራሙን ነዳ። ስወርድ በመስታወቱ አየኝ።

«ለዳግም ትንሣኤ እመጣለሁ» አለ። «ቀጠሮ ነው።»

መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። አቶ ሽፈራው ከጎኑ ናቸው፤ መንገድ ላይ ነግሯቸዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። እማማ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች። እናቴ ጀርባዋን ደግፋ ቆማለች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ!»

አቶ ሽፈራው እንደ ወጉ አልተቀመጡም። ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ የሻረግ፣ ልጅ ልንጠይቅ ነበር የታሰበው። ልጅ ልንሰጥዎ ሆነ የመጣነው።»

«አንተ ሽፈራው፣ ምን ትቀልዳለህ?»

ተንበርክኬ ፎቶውን ጭኗ ላይ አኖርኩ። ጀርባውን አነበብኩላት። ‹ይህ ፊቴ ነው፤ አሳዪያት› ስል እጇ ክንዴን ያዘኝ።

ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች። ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። እሱም ዘንበል ብሎ ይጠብቃታል። ሰማንያ ስምንት ዓመት የጠበቀ ሰው።

«ልጅ ነው» አለች በሹክሹክታ። «አባቴ ልጅ ነው! ከልጆቼ ያንሳል...»

ከዚያ ታዲዮስን ጠራችው። ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን።

«የእህቴ የልጅ ልጅ። ብቻዋን ሞተች፣ እህቴ? ሳላውቃት?»

«አሁን አወቅሻት» አላት ታዲዮስ።

ደጋግማ ሳመችው። ድንገት መሳሙን ተወችና ወደ እኔ ዞረች። ያኔ ነው የገባት።

«እድሌ... አንቺስ ልጄ?»

«ደህና ነኝ እማማ።»

አላመነችኝም። እጄን ይዛ እስኪሄዱ ድረስ አልለቀቀችኝም።

ማታ ሥራ ነበረበትና ከሰዓት በኋላ ባንሆፍ ድረስ ሸኘሁት። ትልቁ ሰዓት ሥር ቆምን። ብስኩት ቆርቆሮው አብሮት የለም፤ እማማ ጋ ትቶታል።

«አሁን ስደውል ታነሺያለሽ?»

«አነሳለሁ።»

«ዳኮር።»

ጎንበስ ብሎ ሳመኝ፤ ሦስቴ። ግንባራችን አልተጋጨም። የትኛው በየት እንደሚዞር ተምረናል።

ባቡሩ በር ላይ ቆሞ ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አዲስ ፊደል ሲያነብ እንደሚያደርገው፣ እየቆጠረ፣ እየፈራ።

«እ... ህ... ቴ» አለኝ።

ላርመው ፈለግኩ። አልተሳሳተም ነበር።