ሰኞ የሚገጠመው መቀርቀሪያ

«አባዬ፣ ይኼ በር እኮ መቀርቀሪያ አልነበረውም።»

አባቷ መጋዙን እንጨቱ መሃል ላይ አቆመ። እሷ ዓይኗ ንድፉ ላይ ስለነበር አላየችውም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ትልቅ ወረቀት የዕቃ ቤቱን በር ከፊትና ከጎን ያሳያል፤ ስፋቱ ዘጠና፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአምስት። ከእጀታው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ የተከበበ የብረት መቀርቀሪያ ተስሏል።

«ማን ነገረሽ?» አለ አባቷ።

«ማንም አልነገረኝም። እዚያ ውስጥ ነበርኩ አይደል እንዴ?»

ልጅቷን ሰው ሁሉ «ሜትር» ነው የሚላት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ይበልጣል፤ በዚያ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ የአባቷን መለኪያ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ስለምትዞር እናቷ ሳትቀር በዚሁ ስም ትጠራታለች። አባቷ አናጢ ነው፣ ያውም እጁ የተባረከ አናጢ። አልጋ በሉት ቁም ሳጥን፣ የሠራውን ያየ ሰው ሳይዳስሰው አያልፍም። በር ግን አይሠራም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም በር አልሠራም። «ታዲያ ይኼን የመሰለ አልጋ ሠርተህልኝ በመስኮት ነው የማስገባው?» እያሉ ደንበኞቹ ይቀልዱበታል፤ እሱ ፈገግ ይልና ወደ ሌላ አናጢ ይልካቸዋል።

ለዚህ ነው የቴሌቪዥን ሰዎች መጥተው የአዳራሹን በሮች ሥራልን ሲሉት «እሺ» ማለቱ ቤቱን ሁሉ ጉድ ያሰኘው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በተማሪዎች የሽልማት ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ገባ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። የከተማው ሰው ስሙን አይጠራም፣ «ያ ሰውዬ» ብሎ ነው የሚያልፈው፤ እኛም እንደዚያው እንለፈው። አዳራሹ ፈርሶ ቦታው መናፈሻ ሆኗል። አሁን ታሪኩ በስድስት ክፍል ድራማ ሊሠራ ነውና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባዶ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ያው አዳራሽ እንደገና እየተሠራ ነበር።

አባቷ መጋዙን አስቀመጠ። የመሣሪያ ሳጥኑን የታችኛውን መሳቢያ ሳበና በቢጫ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲፈታው መቀርቀሪያ ነው። አዲስ፣ ብረቱ ገና የሚያብለጨልጭ፣ አራት ብሎኑ በክር ታስሮ አብሮት ያለ።

«ያኔ በሩን ዓርብ ገጠምኩት፤» አለ። «ይኼ አልደረሰልኝም ነበር፣ ሠራተኛው ያመጣው አመሻሽ ላይ ነው። ደክሞኝ ነበር። ‹ሰኞ መጥቼ እገጥመዋለሁ› አልኳቸው። የወንበር ማስቀመጫ ክፍል ነው፣ ለቅዳሜና እሑድ ማን ይቀረቅረዋል ብዬ። አራት ብሎን ናት፣ ሜትርዬ። አሥር ደቂቃ አትፈጅም።»

ሜትር ከንድፉ ላይ ቀና አለች። አባቷ ስለዚያ ቀን ሲናገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ድሮ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ሄዶ ማሽኑን ያስነሳል፣ ከዚያ ማን ማንን ይሰማል?

«ንድፉ ላይ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አልነገርኳቸውም፤» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሳየው ግን ልቤ... በቃ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ልግጠመው። ለድራማም ቢሆን። በእኔና ባንቺ መሃል ይቅር፣ እሺ?»

«እሺ» አለች። እሷም የምትነግረው ነገር ነበራት፣ ግን የአባቷን ፊት አይታ ዋጠችው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ራዲዮ አላስቀምጣት አለች። ራዲዮ የሚሏት አንዴ ከተከፈተች ስለማትዘጋ ነው። ድራማው ውስጥ ከሚያጨበጭቡት ተማሪዎች አንዷ ሆና ተመርጣለች፣ ከዚያ ወዲህ እግሯ መሬት አይነካም።

«አቦ፣ ብታዪው! ሰዓቱ ራሱ እንደድሮው መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው!»

«ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለውን ትዕይንት አይተሻል?» አለች ሜትር።

«አዎ! ሰባቱ ሕፃናት ይገባሉ፣ አንዷ ትንሽ ልጅ ትቀረቅረዋለች፣ ቀጭ! ሰውዬው ቢገፋ ቢገፋ እምቢ። እንባዬ ነው የመጣው።»

«ጋሽ ሰምስ?»

«የቱ ጋሽ ሰም? የፅዳቱ ሰውዬ? እሱማ...» ራዲዮ ግራ ቀኝ አየች። «ከልጆች ጋር ሊደበቅ ሄዶ ነው የሞተው ይባል የለ? እሱን አላስገቡትም መሰለኝ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለች ሜትር። የሆነ ነገር ግን ነበር። የዚያን ቀን የሂሳብ መምህሩ ሁለት ጊዜ ቢጠራት አልሰማችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለሙሉ ልምምድ የሟች ቤተሰቦች በተጋበዙበት ቀን፣ ሜትር የአባቷን የመሣሪያ ሳጥን ተሸክማ ከእሱ ጋር መጋዘኑ ገባች። ከኋላ በኩል ሲታይ አዳራሹ ጣውላና ምሰሶ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ ገመድ ብቻ ነው። በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ሾልካ ወደ ውስጥ ስትወጣ ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች።

አዳራሹ እዚያ ነበር። የፈረሰው አዳራሽ ራሱ! ሰማያዊዎቹ ወንበሮች፣ አንድ ጥጉ የወረደው መጋረጃ፣ ሽልማቱ የተደረደረበት ጠረጴዛ። በግራ መስኮት የሚገባው የረፋድ ፀሐይ ከመብራት የመጣ ነው ብትሏት አታምንም። የሟች ቤተሰቦች ቀድመዋት ገብተዋል። አንድ ሽማግሌ አንዱን ወንበር በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው፣ እንዳይሰበር የፈሩ ይመስል ቀስ ብለው ተቀመጡበት። ሰው በእንጨትና በቀለም ይኼን ያህል ማድረግ ይችላል ወይ ብላ ሜትር ተገረመች፣ ፈራችም።

ከዚያ ሽታው መጣ። ወለሉን ሳይቀር ሰም ቀብተውታል።

ጋሽ ሰም ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር የሚሸተው። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። የአዳራሹን ወለል በሰም እየወለወለ፣ ካልሲ ብቻ አድርገው እንዲንሸራተቱበት ሕፃናቱን በድብቅ የሚፈቅድላቸው ሰው ነበር። ሜትር የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ያየችው ሁሉ ተመልሶ መጣባት። ጩኸቱ፣ ከብብቷ ሥር ብድግ አድርጎ ዕቃ ቤት ያስገባት ትልቅ እጅ፣ ጨለማው። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር። ጋሽ ሰም ከውስጥ ዘጋው፣ በመዳፉ እላይ ታች መቀርቀሪያ ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ ዞር ብሎ ጀርባውን በሩ ላይ አደረገ፣ እግሮቹን ወለሉ ላይ ተከለ።

በልምምዱ ላይ ሰባት ሕፃናት ሮጠው ዕቃ ቤቱ ገቡ። አንዷ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ መቀርቀሪያውን ወረወረችው። ቀጭ።

ሜትር ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ዓይኑን ጨፍኗል። ያንን ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ወረደ፣ ግንባሩ ተፈታ፤ ልጁ ሆና እንዲህ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም። ምነው ይኼን ባላየሁ አለች በልቧ።

«በጣም ጥሩ!» አለች ዳይሬክተሯ፣ ኮፍያ ያደረገች ቀጭን ሴትዮ። «እስቲ ቤተሰብ አስተያየት ካለው።»

የጋሽ ሰም ባለቤት ተነሱ። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የሚሠሩት፣ እጃቸው ከሳሙናው ብዛት የተላጠ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ የቱ ጋ ነው የሚቆመው?»

ዳይሬክተሯ አጠገባቸው ድረስ ሄደች። «እትዬ፣ እሳቸውን ከወንበሮቹ አጠገብ ነው ያደረግናቸው። መዝገቡ ዕቃ ቤት ውስጥ ተገኙ ይላል። ያንን ብናሳይ ሰው ክፉ እንዳይናገርባቸው ብለን ነው።»

«ይናገራሉማ፤ ከሕፃናት ጋር ተሸሸገ ይላሉ።» ሴትየዋ የነጠላቸውን ጫፍ ጠመዘዙት። «ቢሸሸግስ፣ ሰው አይደል? ነፍስ እኮ ናት። እኔ አልፈርድበትም። ብቻ ደግ አድርጋችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ብለው ተቀመጡ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለካ ሴትየዋ አያውቁም! ሜትር ያኔ ለፖሊስ «ጋሽ ሰም በሩን በጀርባው ያዘው» ብላ ነበር። ማን የስድስት ዓመት ልጅ ይሰማል? «በሩ ከውስጥ ተዘግቶ ነበር» ብለው ጻፉት፣ በዚያው ቀረ። ሌሎቹ ስድስቱ ከወላጆቻቸው ጋር ከተማውን ለቀው ሄደዋል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

አባቷን አየችው። «በእኔና ባንቺ መሃል» ብሏታል፣ እሷም «እሺ» ብላለች። ብትናገር ሰው ሁሉ በሩን የሠራው ማን ነው ማለቱ አይቀርም። አባቷ ብሎን መፍቻውን እንደያዘ እያያት ነበር። ይቅርታ አባዬ አለች በልቧ፣ እግሯም ተነሳ።

«አልተሸሸገም!»

ድምፅዋ መጋዘኑን ሞላው። ሁሉም ዞሩ፣ ራዲዮ እንኳ አፏን ዘጋች።

«እዚያ ውስጥ ነበርኩ፤» አለች ሜትር። «በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ጋሽ ሰም በጀርባው ያዘው። ‹ቁጠሩ› አለን፣ ‹በሹክሹክታ፣ ማን ሳይሳሳት መቶ እንደሚደርስ ልይ› አለን። ቆጠርን። በሩ ሦስት ጊዜ በጥይት ሲመታ እሱ አልተነቃነቀም። መቶ ስንደርስ ‹እንደገና› አለን። ከዚያ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፣ ግን ጀርባው ከበሩ አልለቀቀም። ሁለተኛውን መቶ ስንጨርስም ‹እንደገና› አለን፣ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስንጠራው መልስ አልሰጠንም። በሩ ግን አልተከፈተም። ፖሊሶቹ ሲመጡ እንኳ ለመክፈት በጣም ነው የገፉት።»

የጋሽ ሰም ባለቤት አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ፣ ከዚያ አጠገባቸው ያለው ሰው ተነሳ፣ ቀስ በቀስ አዳራሹ ሁሉ ቆመ። ማንም ተነሱ አላላቸውም። መብራት የያዘው ወጣት ኮፍያውን አወለቀ።

«ንድፉ ላይ መቀርቀሪያ ነበር እኮ» አለች ዳይሬክተሯ ግራ ገብቷት።

«ንድፉ ተሳስቷል፤» አለ አባቷ። ወደ ፊት መጣ፣ ሴትየዋ ፊት ሲደርስ ቆመ። «በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ። መቀርቀሪያውን ሰኞ እገጥመዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ገጥሜው ቢሆን ኖሮ እሱ እዚያ ባልቆመ ነበር።»

ሴትየዋ አፋቸውን የያዙበትን እጃቸውን አወረዱ።

«ልብስ ልታሳጥብ ስትመጣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀና ብለህ አይተኸኝ የማታውቀው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ ባሌን ስለናቅከው ነው እል ነበር።» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። የበሩን መቀርቀሪያ በአገጫቸው አመለከቱት። «በል ፍታው። ቦታውን ለሱ ልቀቅለት።»

አባቷ ወደ በሩ ሄደ። የመጀመሪያውን ብሎን ሁለት ጊዜ ሳተው። ሜትር ሄዳ መዳፏን ዘረጋችለት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፤ አራት ናቸው፣ አሥር ደቂቃም አልፈጀም። ሲጨርስ አልተቆጣትም። ጭንቅላቷን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጎ ለቀቃት።

«እንደገና እንጽፈዋለን፤» አለች ዳይሬክተሯ፣ ድምፅዋ ሻክሮ። «ለምን ያህል ጊዜ ያዘው? ስንት ደቂቃ?»

«ደቂቃውን አላውቀውም፤» አለች ሜትር። «ቁጥሩን ነው የማውቀው።»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገባች። ሰባቱ ሕፃናት ተከትለዋት ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የጋሽ ሰም ባለቤትም ገቡ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ከሕፃናቱ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሜትር ብሎኖቹን ኪሷ ከተተች፣ ጀርባዋን በሩ ላይ አደረገች፣ እግሮቿን ተከለች። የተፈቱት ብሎኖች ቀዳዳ ትከሻዋ ላይ ተሰማት።

ያቺ ትንሿ ልጅ አንጋጣ አየቻት። «ጮክ ብለን ነው?»

«አይደለም፣ በሹክሹክታ ነው» አለች ሜትር። «አንድ።»