ዲንቁ ያልተጠየቀችበት ቀን

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፈረንጆች 2020 በሚሉት ዓመት፣ ሰኔ ሦስት ቀን ጧት፣ ነፋሱ ቀዩን አቧራ ጠራርጎ ከኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ተሻገረ፤ በዚያ ወራት ወረቀት ሳይጠየቅ ኬላውን የሚያልፍ ከነፋሱና ከአንበጣው በቀር አልነበረም። የጭነት መኪኖች ከኬላው በላይ ተደርድረው የሾፌሮቻቸውን የምርመራ ውጤት ይጠባበቃሉ፤ ናይሮቢ ለመንገደኛ በሯን ዘግታለች፤ ቺፍ የሚባሉት የመንደር ሹሞች ካኪያቸውን ለብሰው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ትናንት አብረው ሻይ የጠጡትን ሰው ዛሬ በበትር ርቀት ያነጋግራሉ።

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከገበያው በስተምዕራብ፣ ወደ ሶሎሎ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ሁለት ክፍል ያላት አንዲት የምርምር ጣቢያ ነበረች። ከከብትና ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፉ ትኩሳቶች ይጠኑባታል፤ ኃላፊዋም፣ መርማሪዋም፣ መዝገብ ያዧም ሀዋኦ ሮባ የምትባል የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ነበረች። አገሬው «ዳክታሪ» ይላታል፤ እርሷ ግን «ዶክተር አይደለሁም፤ ጠብታ ቆጣሪ ነኝ» እያለች ታርማለች። የፍሪዘሩን ቅዝቃዜ በቀን ሦስት ጊዜ ትጽፋለች፤ ከሩቅ የመጣ የምርመራ ዕቃ ሁሉ፣ አምጪው ማንም ይሁን፣ ሦስት ጥያቄ ሳይጠየቅበት ደጇን አያልፍም፦ መቼ ተነሣ? በምን ታሸገ? የት አደረ? «ጠርሙስ አይዋሽም፤ የሚዋሸው መንገድ ነው» ትል ነበር።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን የቦሪ አካባቢ ሹም ቺፍ ቦርቶ ከጣቢያዋ አጥር ውጭ ቆሞ ጠራት። በቦሪ አሥራ ሁለት ሰዎች ታመዋል፤ ማምሻውን ትኩሳቱ ይነሣባቸዋል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ መገጣጠሚያቸው እንደ ተቀጠቀጠ ይሆናል።

«ይህ ኮሮና ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አስገባቸዋለሁ።»

«ቺፍ፣ ግመሎቻቸው ጨንግፈዋል ወይ?» አለች ሀዋኦ።

«ሦስት ጨንግፈዋል። ግመል መቼም ይጨነግፋል።»

«ወተቱን ሳያፈሉ ጠጥተዋላ?»

«አንቺ የቦረና ልጅ አይደለሽም እንዴ? ወተት ማን ያፈላል?»

ሀዋኦ ጠረጠረች፤ በሽታው ብሩሴላ የሚሉት፣ ከጨነገፈ እንስሳ በወተት የሚመጣው ትኩሳት ይመስላል። እርሱ ከሆነ ኪኒን አለው፤ ሰዎቹም ከቤታቸው ሳይወጡ ይድናሉ። ካልሆነ ግን የኮሮናው ናሙና ናይሮቢ ደርሶ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ ይታገታሉ። ከአሥራ ሁለቱ መካከል ዳዶ የምትባል፣ ከሰባት ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የወረዳው የጤና ሹምም ያለ ምርመራ ማስረጃ ለነፍሰ ጡር ያንን ጠንካራ ኪኒን እንደማያዝ አስታውቋል።

«ሰባት ቀን እሰጥሻለሁ» አለ ቺፉ፤ «በይ፣ ደማቸውን ውሰጂ።»

ደሙን መውሰድ ቀላል ነበር፤ የቸገረው ደሙን የሚያናግረው ነገር ነው። ለዚህ ምርመራ አንቲጅን የሚባል፣ የገደሉትን የበሽታውን ተህዋስ በጽጌረዳ ቀለም ነክረው የሚያዘጋጁት ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ የጣቢያዋ የመጨረሻ ጠርሙስ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። የናይሮቢው አቅራቢ «ስድስት ሳምንት» አላት፤ የባሕር ማዶው ደግሞ ከሃያ ጠርሙስ በታች አልልክም አለ። በመጨረሻ በሥልጠና ላይ የተዋወቀቻት የአዲስ አበባዋ ሳሮን ከራሷ ላቦራቶሪ ሁለት ጠርሙስ ቀንሳ፣ የመውጫ ደብዳቤ አጽፋ፣ ወንዱ በሚባል ሾፌር መኪና ላከችላት። ወንዱ በዚያ መንገድ ሃያ ዓመት የነዳ የሻሸመኔ ሰው ነበር።

በስድስተኛው ቀን መኪናው ከጣቢያዋ በር ላይ ቆመ። ወንዱ የበረዶ ሣጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ወረደ።

«እመቤቴ፣ ይኸው ሙሽራሽ! ሦስት ቀን ከኬላው በላይ አስቆሙን፤ ግን አንድም ነገር አልነካትም።»

ሀዋኦ አፏን ሸፍና ወደ በሩ ስትራመድ ቺፍ ቦርቶ ከመንገዱ ማዶ ጮኸ፦ «ሾፌር! ራቅ! መሬት አስቀምጥና ራቅ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ ያለብኝ ረሃብ እንጂ በሽታ አይደለም!»

«ራቅ አልኩህ!»

ሰዎች መሰብሰብ ጀመሩ፤ አንዱ ድንጋይ አነሣ። ወንዱ ሣጥኑን ከበሩ ድንጋይ ላይ አኖረ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣት፤ ወደ መኪናው ወጥቶም ሄደ። የት አደረ የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ በሀዋኦ ከንፈር ላይ ቀረ።

ሁለቱን ጠርሙሶች በመስኮቱ ብርሃን አየቻቸው። ፈሳሹ ከላይ ገርጥቷል፤ ከታች ረግቷል፤ ስትነቀንቀው ግን መልሶ አንድ ሆነ። ይህን አየች፤ አየሁ ብላም አልጻፈችውም።

በጣቢያዋ አዲስ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር የሚፈጸም አንድ ሥርዓት ነበር። የማንም ሕመምተኛ ደም ከመመርመሩ በፊት፣ በሽታው እንዳለበት አስቀድሞ ከታወቀ ሰው የተወሰደ ሴረም፣ ማለት ከደሙ ቀይ ክፍል የተለየው ብጫማ ውኃ፣ በነጩ ሰሌዳ ላይ ከአዲሱ አንቲጅን ጋር ይደባለቃል። እንደ ተቆረጠ ወተት ከተቋጠረ አንቲጅኑ ደኅና ነው፤ ዝም ካለ አንቲጅኑ የሞተ፣ ማለት ኃይሉን ያጣ ነው። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ይህን በቁጥር ይጠሩታል። በሀዋኦ ጣቢያ ግን «ዲንቁን እንጠይቃት» ይባል ነበር።

ዲንቁ የሀዋኦ ታናሽ እህት ነበረች፤ ወተት ነጋዴ፣ ሳቂታ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ትኩሳት ያዛት፤ ወባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ብሩሴላ መሆኑ ሲታወቅ በሽታው ልቧ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሀዋኦ ያኔ ሥራውን የጀመረች ሰሞን ነበርና ለመፈተኛ የሚሆን ደም እንድትሰጥ ለመነቻት። ዲንቁ ክንዷን ዘርግታ ሳቀች። «ሞቼም ልታሠሪኝ ነው? እሺ፣ ውሰጂ። ብቻ ደመወዜን እንዳትረሺ!» ከዚያ ደም አርባ ትንንሽ ብልቃጥ ወጣ፤ ዲንቁ ራሷ በዚያው ክረምት ተቀበረች። ብልቃጦቹ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በተጠየቁ ቁጥር አዎን ሲሉ ኖሩ።

አሁን የቀረችው አርባኛዋ ናት፤ ያለባትም አንዲት ጠብታ ነው። ሀዋኦ ምትክ ማዘጋጀት እንዳለባት ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቃለች፤ ምትኩን ማዘጋጀት ግን ዲንቁን ሁለተኛ መቅበር መሰላትና ነገ፣ ነገ ስትል ቆየች።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን ፍሪዘሩን ከፈተች፤ ብልቃጧን በጣቷ ይዛ ቆመች፤ ከመስተዋቱ ላይ በረዶው እየቀለጠ መዳፏን አራሰው። «የሳሮን ዕቃ አሳፍሮኝ አያውቅም» አለች ለራሷ፤ «አንድ ቀን ሳትጠየቅ ብትቀር ምን ይሆናል?» ብልቃጧን መለሰች። አሥራ ሁለቱን ደም አንድ በአንድ መረመረች፤ እያንዳንዱን አራት ደቂቃ በሰዓት ይዛ አወዛወዘች። አንዱም አልቋጠረም። በመዝገቡ አሥራ ሁለት ጊዜ «የለበትም» ብላ ጻፈች፤ የመፈተኛው ውጤት በሚጻፍበት ዓምድ ላይ አንዲት አጭር ሰረዝ አሰመረች።

በማግስቱ አሥራ ሁለቱ ወደ አንድ የሞያሌ ትምህርት ቤት ተወሰዱ። ሀዋኦ እስከ አጥሩ ሄደች። ዳዶ ሆዷን ደግፋ ወደ ሽቦው ቀረበች።

«ዳክታሪ፣ ከደሜ ምን አገኘሽ?»

«ምንም አላገኘሁበትም።»

«ምንም ከሆነ ታዲያ ለምን ያቃጥለኛል?»

ሀዋኦ ፊቷን አዙራ ወደ ጣቢያዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍሪዘሩ ድምፅ ይረብሻት ጀመር፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዝም ባለ ቁጥር ከውስጥ የተጠራች ይመስላት ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ የምትጽፈውን ቅዝቃዜም ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ ትጽፍ ነበር።

ሕመምተኞቹ በተወሰዱ በዘጠነኛው ቀን ወንዱ ከኬንያዋ ኢሲዮሎ ሲመለስ መኪናውን ከጣቢያዋ በር አቆመ፤ ቺፉ በአካባቢው አልነበረም።

«ሙሽራዋ እንዴት ናት?» አለ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ።

«ወንዱ፣ ያን ጊዜ ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ሣጥኑ የት አደረ?»

«እሱማ በክብር ነው ያደረ! ኬላው ላይ የሳሮን በረዶ ቀለጠብኝ፤ ደነገጥኩልሽ። ከዚያ አየለች የምትባል የግመል ወተት የምትነግድ ሴት ለመንኩና፣ ጄሪካኖቿን ከምታስተኛበት ፍሪዘር ውስጥ፣ ከወተቱ መሐል ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። ሳወጣው ድንጋይ ሆኖ ነበር! ለኔ ልጅ እንኳ እንዲህ አልጠነቀቅም።»

በዚያ አገር ወተት ከመበላሸት የሚድነው በበረዶ ነው፤ ሥጋም፣ የከብት ክትባትም፣ የዲንቁ ሴረምም እንደዚሁ በበረዶ ይኖራሉ። አንቲጅን ግን ከቀዘቀዘ ይድናል፤ በረዶ ከሆነ ግን ይሞታል። ይህን ወንዱ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም፤ የምታውቀው፣ ልትጠይቀውም የሚገባት ሀዋኦ ነበረች።

«ምነው? አበላሸሁ እንዴ?» አለ ወንዱ ፊቷን አይቶ።

«አንተ አላበላሸህም ወንድሜ» አለች ሀዋኦ። «እግዜር ይስጥህ። ሂድ።»

ገብታ አርባኛዋን ብልቃጥ አወጣች። ጠብታዋን ከሰሌዳው አሳረፈች፤ ከጎኗም ጽጌረዳማውን ጠብታ፤ አደባለቀችና አወዛወዘች። አንድ ደቂቃ፤ ሁለት፤ ሦስት፤ አራት። ድብልቁ እንደ ረጋ ኩሬ ለስልሶ ቀረ። አሥራ አንድ ዓመት አዎን ስትል የኖረችው ዲንቁ በመጨረሻዋ ጠብታ ዝም አለች፤ ዝምታዋም እውነት ነበር።

ሀዋኦ ማስኳን እንኳ ሳታደርግ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች። ቺፍ ቦርቶ ከበሩ ላይ አገኛት። ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

«ምርመራዬ ስሕተት ነው፤ አንቲጅኑ የሞተ ነበር! ኪኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ!»

«ፖሌ፣ ዳክታሪ» አለ ቺፉ፤ ማዘኑ ነበር። «ዳዶ ዛሬ ጧት ጨነገፈች። ወንድ ነበር።»

ሳሮን ሌላ ጠርሙስ ከነመፈተኛ ሴረሙ ላከች፤ ወንዱ በሣጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትር አስሮ በየሰዓቱ እያየ አመጣው። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ብሩሴላ ተገኘባቸው፤ ከሁሉም ፈጥኖ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የቋጠረው የዳዶ ደም ነበር። ከናይሮቢ የመጣው ወረቀት ደግሞ ኮሮና በማንም ላይ እንደሌለ አስታወቀ። ዘጠኙ ኪኒናቸውን ጨርሰው፣ ሦስቱም ያለ ኪኒን ዳኑ።

በነሐሴ ሀዋኦ ቦሪ ወረደች፤ ከዳዶ ቤት ደጃፍ ቆመችና ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻት፦ ሳትጠይቅ የቀረችውን ጥያቄ፣ ሰረዙን፣ የመለሰቻትን ብልቃጥ። ዳዶ የግመል ማሰሪያ ገመድ እየፈተለች ሰማቻት፤ ጣቷም አላቆመም።

«የእህትሽ ደም አሳሳሽ» አለች በመጨረሻ።

«አሳሳኝ።»

«ለማስታወሻ ነው ያስቀመጥሽው?»

«አዎን።»

«እኔ ለልጄ ማስታወሻ የለኝም። ስም እንኳ አላወጣሁለትም።» ገመዱን በጉልበቷ ላይ ሳበችው። «አሁን ምን ፈልገሽ መጣሽ? እንዲህ ያለውን ነገር ለመናገር ብቻ አርባ ኪሎ ሜትር አይመጣም።»

ሀዋኦ ጎንበስ አለች። «ለመፈተኛ የሚሆን ደም የለኝም። ያንቺ ከሁሉም ይበልጣል። እምቢ ብትዪኝ ፍርድ ነው።»

ከበረቱ አንዲት ግመል ጮኸች። ዳዶ ገመዱን አኖረች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ውሰጂ» አለች። «ነገር ግን እንዳታስቀምጪኝ። ጨርሺኝ።»

ያ ዓመት በሁለቱም ሞያሌ በኮሮና ስም ተመዘገበ፤ ስንት ሾፌር እንደ ተመረመረ፣ ስንት ቀን ኬላው እንደ ተዘጋ፣ ስንት ሰው እንደ ሞተ በሹማምንቱ ዘገባ ሰፍሯል። ስለ ቦሪ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «አሥራ ሁለት ተጠርጣሪዎች ነፃ ሆነዋል።» ነፃ ሳይሆን የቀረው አሥራ ሦስተኛው አልተቈጠረም። ስለ እርሱ የሚመሰክር አንድ ገጽ ብቻ በሀዋኦ መዝገብ አለ፤ ከሰረዟ ጎን በቀይ ቀለም «መፈተኛው አልተሠራም። የተውኩት እኔ ነኝ። ሀዋኦ ሮባ» የሚል ተጽፎበታል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ዳዶ ትጠየቃለች፤ ይህ ሲጻፍ ከብልቃጦቿ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ምትክ የሚሆነው የሌላ ሰው ደምም ከወዲሁ ተዘጋጅቷል። ፍሪዘሩ ግን ከታችኛው መደርደሪያ አርባኛዋን ብልቃጥ ባዶዋን እንደ ያዘ ነው፤ ሀዋኦም በቀን ሦስት ጊዜ ቅዝቃዜውን ስትጽፍ ዓይኗ ከእርሷ ላይ ያርፋል፤ የፍሪዘሩ ሞተር ተነሥቶ ዝም ሲልም እስክሪብቶዋን አንሥታ ለጥቂት ጊዜ ታዳምጣለች።